የጽድ አጥሬ ከሥሩ ተራቁቷል፤ ልቁረጠው ወይስ ልንቀለው?

የሄርማታ ልጅ
ሚያዝያ 9

ሰላም ለሁላችሁ። ግቢያችን ጅማ፣ ሄርማታ ነው፤ ወደ መንገድ የሚያየው ፊቱ 12 ሜትር ይሆናል። የቀድሞው የቆርቆሮ አጥር ዝጎ ሲወድቅ ለምለም አጥር ይሻላል ብዬ ከአራት ዓመት በፊት የፈረንጅ ጽድ ችግኝ ገዛሁና በአንድ ሜትር ልዩነት በአንድ ረድፍ ተከልኩ። የጅማ ዝናብ መቼም ደግ ነው፤ ጽዱ ተመነደገ። እኔም ማደጉን እያየሁ ደስ እያለኝ አንድም ቀን መቀስ አላሳረፍኩበትም።

አሁን ከእኔ ቁመት አልፏል። ከላይ ሲያዩት ደን ይመስላል። ከጉልበት በታች ግን ደረቅ ቡናማ እንጨት ብቻ ነው፤ ውሻ ጎንበስ ሳይል ያልፋል። እናቴ በረንዳ ላይ ቡና ስታፈላ መንገደኛው የረከቦቱን እግር ሳይቀር ያያል። እሷ ምንም አትልም፤ ግን በቅርቡ ረከቦቱን ወደ ጓሮ አዛውራ አየኋት። ይህ ነው ያናደደኝ።

አንድ አትክልተኛ «ወገቡ ላይ ቁረጠው፤ ከታች ያቆጠቁጣል» ብሎኛል። መጋዝ ተውሼ መጣሁና እጄ እምቢ አለኝ። ልቁረጠው? ወይስ ነቅዬ ሌላ ልትከል? ሌላ ከሆነስ ምን? በጋ ከክረምት ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ከቁመቴ ብዙም የማይበልጥ፣ ከሥሩ ጀምሮ የሚጋርድ ተክል ነው የምፈልገው።

ችግኝ አፍይ
ሚያዝያ 9

ወንድሜ፣ መጋዙን ለባለቤቱ መልስ። እጅህ ልክ ነው።

ሰንሰል፣ ዱራንታ፣ ግራዋ እና የመሳሰሉት አሮጌ ግንዳቸው ቢቆረጥም ከቅርፊታቸው ሥር የተኛ እንቡጥ ስላላቸው እንደገና ያቆጠቁጣሉ። የፈረንጅ ጽድ እንዲህ አይደለም። አረንጓዴ ቅጠል ከሌለበት ቦታ ላይ ከቆረጥከው ያ ቅርንጫፍ አበቃለት፤ ዓመት ብትጠብቅም ጉቶ ሆኖ ይቀራል። ራስህ ማየት ትችላለህ። እጅህን ወደ ውስጥ ስደድና አንዱን ቅርንጫፍ ከግንዱ ጀምረህ ወደ ጫፉ እየዳሰስክ ና። መጀመሪያ የሚነካህ ራቁቱን የቀረ ደረቅ እንጨት ነው፤ ቀጥሎ በጣት ሲነኩት የሚረግፍ ቡናማ ቅጠል፤ በመጨረሻም ጫፉ ላይ አንድ ክንድ የማይሞላ አረንጓዴ። ሕይወት ያለው እዚያ ብቻ ነው። ወገቡ ላይ ብትቆርጠው አራት ዓመት ያሳደግከው ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ የደረቀ ምሰሶ ይሆን ነበር።

የጅሬን ጡረተኛ
ሚያዝያ 10

ልጄ፣ እህትህ ችግኝ አፍይ የነገረችህ እውነት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ለምን እንደተራቆተ ልንገርህ፤ ምክንያቱን ካላወቅክ የሚቀጥለውንም እንዲሁ ታበላሸዋለህ።

እኔ በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ተምሬ ያለፍኩ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤቱ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1952 የተከፈተው፣ ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የሆነው ነው። አጥር መከርከም ያስተማሩን መምህር መቀስ ከማስያዛቸው በፊት ቅጠል ያስቆጥሩን ነበር። ከላይ ስንት፣ ከመሐል ስንት፣ ከታች ስንት። ከታች ሁልጊዜ ያንሳል። ብርሃን ያላገኘ ቅጠል ለተክሉ ሸክም ነው፤ ተክሉም ይጥለዋል። የተክል ጫፍ ደግሞ ወደ ታች የሚልከው ቅመም (ሆርሞን የሚሉት) አለው፤ ጫፉ እስካለ ድረስ የታችኞቹ እንቡጦች ይተኛሉ። ያንተ ጽድ ለአራት ዓመት ጫፉ ሳይነካ ወደ ላይ ወጣ፤ የላዩ እየሰፋ የታችኛውን ጋረደው፤ የታችኛውም ረገፈ። አጥሩን ያራቆተው ራሱ አጥሩ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ያዝ። አንደኛ፣ አጥር ከጉልበት በታች ሳለ ነው የሚቆረጠው። ሁለተኛ፣ ጎኑ እንደ ግድግዳ ቀጥ አይበል፤ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ይበል። ከሥሩ 70 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከላይ 45 በቂ ነው። ከላይ ሰፍቶ ከታች የጠበበ አጥር ጃንጥላ ነው፤ ጃንጥላ ሥር ሣር አይበቅልም።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ችግኙን ስትተክል የፕላስቲኩን ከረጢት ቀደህ አውጥተሃል?

የፈረንጅ አራዳው
ሚያዝያ 10

ጽድን እንዲህ አታዋርዱት። የእኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከመሬት ጀምሮ እጅ አያስገባም። ግን ጋሼ እንዳሉት ገና ጉልበቴ ሳይደርስ ነው መቁረጥ የጀመርኩት፤ የተከልኩትም በ50 ሳንቲ ሜትር ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ሁልጊዜ አረንጓዴው ላይ ብቻ፣ በስሱ። አንድ ዓመት መቁረጥ ብታልፍ ግን መመለሻ የለውም፤ ይህን አልክድም።

ሌላም የማልደብቀው ነገር አለ። ባለፈው በጋ ሦስት ዛፍ አጥቻለሁ። ከውስጥ ወደ ውጭ ቡናማ እየሆነ ሲመጣ ውኃ የጠማው መስሎኝ ሳጠጣው ከረምኩ። በኋላ ቅርንጫፉን ገልጬ ሳይ ቅርፊቱ ላይ ግራጫ ቅማል ተደርድሯል፤ ጉንዳን ይመላለስበታል፤ የታችኛው ቅጠል በሚያጣብቅ ነገር ተለውሶ እንደ ጥላሸት ጠቁሯል። የጽድ ቅማል ማለት ይኸው ነው፤ የተክሉን ፈሳሽ ይመጥጣል፤ የአገራችንንም ጽድ አይምርም። ጽድ ያላችሁ ሰዎች በደረቁ ወራት በሳምንት አንድ ጊዜ ውስጡን ገልጣችሁ እዩ። ውጪው ላይ እስኪታይ ከጠበቃችሁ ዘግይታችኋል።

የሄርማታ ልጅ
ሚያዝያ 11

ጋሼ፣ ጥያቄዎን ካነበብኩ በኋላ ዛሬ ጠዋት ዶማ ይዤ ወጣሁ። ዳር ላይ ያለውን አንዱን ቆፍሬ አወጣሁት። ከረጢቱ እዚያው ነው! ጥቁሩ ፕላስቲክ አልበሰበሰም፤ ሥሩ በውስጡ እንደ ገመድ ተጠምጥሞ ራሱን አንቋል። ሁለት ሥር ብቻ ከታች በቀዳዳው አምልጦ ወጥቷል። ዛፉ በእነዚያ ሁለት ሥሮች ነው የቆመው። ከረጢቱን እንዳወጣ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ወሰንኩ፤ ይነሳል። አሁን ምን ልትከል?

ቤተልሔም ሠፈር
ሚያዝያ 11

ዱራንታ። በቁራጭ ይበቅላል፣ ቶሎ ይሞላል፣ ወርቃማው ዝርያ ፀሐይ ላይ ሲያበራ ያምራል። ጥላ ካለበት ወርቃማነቱ ይጠፋና ተራ አረንጓዴ ይሆናል፤ ያንን አስብበት።

የሁለት ልጆች እናት
ሚያዝያ 12

ስለ ዱራንታ አንድ ነገር ልጨምር፤ እባካችሁ ልጅ ያላችሁ አንብቡት። እነዚያ በዘለላ የሚንጠለጠሉት ቢጫ ፍሬዎች መርዝ አላቸው። ለሕፃን ደግሞ ከረሜላ ነው የሚመስሉት። የእኔ ትንሿ ልጅ አፏ ውስጥ ሦስት ፍሬ ይዛ አግኝቻት በጣቴ አውጥቼ፣ አጥቤያት፣ እያለቀስኩ ወደ ጤና ጣቢያ ሮጫለሁ። አልዋጠችውም ነበርና ምንም አልሆነችም። አጥሩን አልነቀልኩትም፤ ግን አሁን አበባ ሲያወጣ ወዲያው እቆርጠዋለሁ፤ ፍሬ እንዲይዝ አልፈቅድለትም።

ቅንጭብም እንዲሁ አደገኛ ነው። ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል፤ የማየት አቅምን ሊጎዳ ይችላል። የምትቆርጡ ሰዎች ዓይናችሁን ሳትሸፍኑ አትንኩት። ከገባ ብዙ ውኃ እያፈሰሳችሁ እጠቡና ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ሂዱ።

የማናዋ
ሚያዝያ 13

እስካሁን አንድም ሰው ሰንሰልን በስሙ ጠርቶ «ትከለው» አላለም። ይገርመኛል! እዚህ አካባቢ በኦሮምኛ ዱሙጋ የምንለው ነው። ከጅማ ወደ ማና፣ ወደ ሰቃ፣ ወደ አጋሮ ስትወጡ ግራና ቀኝ የምታዩት የቡና ጓሮ አጥር እሱ ነው። ከተማ ውስጥ ግን «የገጠር አጥር» ይባልና ሰው ገንዘቡን ይዞ ፈረንጅ ተክል ፍለጋ ይሄዳል። አያቴ የተከለችው ዱሙጋ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ በመሐሉ ጽድም ባሕር ዛፍም መጥተው ሄደዋል። ስለዚህ ስለ እሱ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትቀየሙኝ።

ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ ሰፊ፣ ለስላሳ ነው። ሳይነኩት ከተተወ ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል፤ ከቆረጡት የፈለጉት ቁመት ላይ ይቆማል። አሮጌ ግንዱ ከመሬት አንድ ስንዝር ላይ ቢቆረጥ እንኳ ያቆጠቁጣል፤ ማለትም የዛሬ አሥር ዓመት ቢራቆትብህ እንደ ጽዱ አያበቃለትም፤ ትቆርጠዋለህ፣ እንደገና ይጀምራል። ቅጠሉ መራራ ነው፤ የእኔ ፍየሎች ዞር ብለው አያዩትም። መግዛትም አያስፈልግም፤ ያለው ሰው ሲከረክም ለምነህ ትወስዳለህ።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። የአውራ ጣት ውፍረት ያለው፣ አረንጓዴነቱ አልፎ መጠንከር የጀመረ ግንድ ምረጥ። ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ሦስት ወይም አራት አንጓ ይኑረው። የታችኛውን ጫፍ ከአንጓው ሥር ሰያፍ አድርገህ፣ የላይኛውን ከአንጓው በላይ ቀጥ አድርገህ ቁረጥ። ለምን መሰለህ? ሃምሳ ቁራጭ ክምር ውስጥ የቱ እግር የቱ ራስ እንደሆነ ይጠፋሃል፤ ተገልብጦ የተተከለ አይበቅልም። ሰያፉ ሁልጊዜ ወደ መሬት ነው። የታች ቅጠሎቹን አንሳ፤ ከላይ ሁለት ተውና እነሱንም በግማሽ ቁረጣቸው። ግማሹ አፈር ውስጥ ይግባ፤ አፈሩን በተረከዝህ ጠበቅ አድርገው። በቆረጥክበት ቀን ትከል። ካልቻልክ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለህ ጥላ ውስጥ አሳድር።

አንድ ረድፍ አይበቃህም። ሁለት ረድፍ አድርግ፤ በረድፎቹ መካከል 40፣ በተክሎቹ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር፤ የሁለተኛው ረድፍ ተክል በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ክፍተት ትይዩ ይቁም። ለ12 ሜትር 80 ገደማ ቁራጭ ነው፤ ለሚደርቀው 20 ጨምርና 100 ያዝ። ከወሰንህ ግማሽ ሜትር ገባ በል፤ አለበለዚያ የውጪውን ጎን ለመከርከም መንገድ ላይ ቆመህ ከመኪና ጋር ትታገላለህ።

አሁን ደግሞ ሰው የሚያቅተውን ልንገርህ። አዲሱ ቀንበጥ አንድ ስንዝር ሲሆን ግማሹን ትቆርጠዋለህ። ያሳዝናል፤ እኔም ያሳዝነኛል። ግን ሰንሰልን ቀርበህ እየው፦ ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ነው የሚወጡት፤ በእያንዳንዱ ቅጠል ብብት ውስጥ የገብስ ፍሬ የምታህል እንቡጥ አለች። ከጥንዱ በላይ ስትቆርጥ በአንዱ ፈንታ ሁለት ይወጣሉ። እነሱም ስንዝር ሲሆኑ ትደግማለህ፤ አራት ይሆናሉ። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ጊዜ የጨከነ ሰው ከመሬት ጀምሮ የተሞላ አጥር ያገኛል። ያልጨከነ ሰው ረጅም ቀጫጭን ዱላ ያገኛል፤ ገጠር የሚታየው የተራቆተ ዱሙጋ ሁሉ እንዲህ የሆነ ነው።

ንብ አናቢ
ሚያዝያ 13

እህቴ፣ የጻፍሽውን ሁሉ እደግፋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምን። የሰንሰል ነጭ አበባ በቀንበጡ ጫፍ ላይ ነው የሚወጣው። በየወሩ ከተላጨ አበባ አይኖረውም፤ ንቦቼም ዝም ብለው ያልፉታል። አጥሩ ከሞላ በኋላ የመንገዱን ጎን በደንብ ከርክሙ፤ የግቢውን ጎን ግን አበባው እስኪያልፍ ተዉት። ደግሞ መቀስ ከማስገባታችሁ በፊት የወፍ ጎጆ መኖሩን እዩ።

የጅሬን ጡረተኛ
ሚያዝያ 14

ልጄ፣ ሰንሰል ትከል። እህትህ ከእኔ የተሻለ ጽፋለች።

ስለ አሮጌው ጽድ አትጨነቅ። ከመሬት እኩል ቁረጠው፤ ጉቶው ስለማያቆጠቁጥ ቆፍረህ ማውጣት አያስፈልግህም። አዲሱን ረድፍ ከጉቶዎቹ 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ግቢው አስገባ። ጉድጓድ ሳይሆን ቦይ ቆፍር፤ 40 ጥልቀት፣ 70 ስፋት። ጽድ የኖረበት አፈር ምጥጥ ያለ ነውና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅልበት። መሬትህ ውኃ የሚቋጥር ከሆነ፣ እንደ ቦዬ ረግረግ ዳር ዓይነት ጥቁር አፈር ማለቴ ነው፣ ቦዩን መልሰህ ከሞላህ በኋላ ከመሬቱ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ መደብ ሥራለት። የጅሬን ዓይነት ቀይ አፈር ከሆነ አያስፈልግም።

ለእናትህ መጋረጃ የቀርከሃ አጥር ለጊዜው አቁም። ተክሉ ትከሻ እስኪደርስ ሁለት ክረምት ቁጠር።

የቡና ገለፈት
ሚያዝያ 14

ጅማ ተቀምጠን ፍግ ፍለጋ መሄድ ለምን? የቡና ገለፈት በየመፈልፈያው በነፃ ይገኛል። እኔ በየዓመቱ በአጥሬ ሥር እዘረጋለሁ።

የማናዋ
ሚያዝያ 14

የበሰበሰ ከሆነ እሺ። ትኩሱን ግን በፍጹም! አንድ ዓመት ትኩስ ገለፈት በወጣት ችግኝ ሥር ከመርኩ። እጄን ሳስገባ እንደ ትኩስ ዳቦ ያቃጥላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቅጠሉ ሁሉ ቢጫ ሆነ። ገለፈቱ ሲበሰብስ ይግላል፤ ከአፈሩም ናይትሮጂን ይሻማል። ከከብት ፍግ ጋር ቀላቅላችሁ፣ እያገላበጣችሁና እያረጠባችሁ ጥቂት ወራት አቆዩት፤ ጥቁር ሆኖ የአፈር ሽታ ሲሸት ያን ጊዜ አልብሱት። ያኔም ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጉ፤ ግንድ ላይ የተከመረ እርጥብ ነገር ቅርፊት ያበሰብሳል፤ ምስጥም ይጠራል።

የቡና ገለፈት
ሚያዝያ 15

ልክ ነሽ፤ የእኔ አንድ ዓመት ያደረ ነው። መጀመሪያውኑ መጻፍ ነበረብኝ።

የሄርማታ ልጅ
ሰኔ 6

ላልጠፋ ብዬ ነበር፤ ሥራ ያዘኝ። ጽዱን በግንቦት መጀመሪያ አነሳነው። ከ12ቱ ዛፎች 9ኙ ከረጢት ውስጥ ነበሩ። ቦዩን ከጎረቤት ልጅ ጋር በሁለት ቀን ቆፈርን። ቁራጩን ያገኘሁት ከማና ነው፤ የማናዋ እህታችን እንደ ተለመነች ሳይሆን እንደ ለመነች ሁለት ጆንያ ሙሉ ሰጠችኝ። በክር ለክቼ 100 ተከልኩ፤ ሰያፉ ሁሉ ወደ ታች። ከሦስት ሳምንት በኋላ 87ቱ ላይ እንቡጥ ይታያል። እናቴ ጠዋት ጠዋት እየዞረች ትቆጥራለች፤ ቁጥሩ የእሷ ነው።

ችግኝ አፍይ
ሰኔ 6

የቀሩትን ቶሎ አትንቀል፤ እስከ ሰኔ መጨረሻ ጠብቅ። ቅርፊቱን በጥፍርህ ፋቅ አድርገው፤ ከቅርፊቱ በታች ያለው አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ።

የሄርማታ ልጅ
ነሐሴ 20

91 ሆነዋል። ዛሬ የመጀመሪያውን ቆረጥኩ። አንድ ስንዝር ተኩል ደርሰው ነበር፤ ትንሽ ዘገየሁ። እናቴ «ገና በሁለት እግሩ ሳይቆም?» ብላ ተቆጣችኝ። የእንቡጦቹን ጥንድ አሳየኋት፤ መነጽሯን አድርጋ ብዙ ጊዜ አየችው፤ ከዚያ መቀሱን ተቀብላ የእሷን ወገን ራሷ ቆረጠች።

የጅሬን ጡረተኛ
ነሐሴ 21

ጥሩ ነው። ሁለተኛውን በጥቅምት መጀመሪያ አድርግ፤ ከዚያ በኋላ ዝናቡ እስኪመለስ ተወው። በጥርና በየካቲት የተቆረጠ ቀንበጥ በፀሐይ ይለበለባል። መቀሱን በየጊዜው በአልኮል ጥረገው፤ ሳትስለውም አትቁረጥ፤ የደነዘ መቀስ ግንድ ይጨፈልቃል።

የሄርማታ ልጅ
ሚያዝያ 28

አንድ ዓመት ሞላው። ቁመቱ ወገቤ ድረስ ነው፤ ከመሬት ጀምሮ ሙሉ ነው። በጎኑ ተንበርክኬ ወደ መንገድ ለማየት ሞከርኩ፤ የሚያልፍ ሰው እግር አይታይም። በደቡብ በኩል ያለው ሦስት ሜትር ግን ከሌላው ያነሰ ነው። የጎረቤታችን አቮካዶ ስለሚያጠላበት ይመስለኛል። ያንን ወገን ለብቻው ዝቅ አድርጌ እቆርጠዋለሁ እንጂ ከሌላው ጋር እኩል አላስገድደውም። የቀርከሃው አጥር እስከሚቀጥለው ክረምት ይቆያል። ረከቦቱ ግን ወደ በረንዳው ተመልሷል።

ቅዳሜ እከረክማለሁ። ለተከላ የሚሆን ጠንከር ያለ ቁራጭ ወደ 60 ይወጣል ብዬ አስባለሁ። የሚፈልግ እርጥብ ጆንያ ይዞ ይምጣ።

የሁለት ልጆች እናት
ሚያዝያ 28

እኔ እመጣለሁ። ዱራንታውን በመጨረሻ ልተካው ነው። ስድስት ሜትር ነው፤ 40 ይበቃኛል?

የሄርማታ ልጅ
ሚያዝያ 28

50 ውሰጂ፤ ጥቂቱ ይደርቃል። ከሦስት ሰዓት በፊት ነይ፤ ፀሐይ ሳይበረታ እንቆርጠዋለን።